ከሳንቃበር እስከ ጨነቅ፦ አራት ቀን በሰሜን ተራራ

ኀሙስ፣ ኅዳር 11 ቀን 2012 ዓ.ም

ጫማውን የገዛሁት ለዚህ ጉዞ ብዬ ነው። ሻጩ «ኦርጅናል ነው፤ ተራራ ለተራራ ብትዞሪበት ንቅንቅ አይልም» ብሎ ምሎልኛል። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ሐሳቡ የመጣው ከአክስቴ ልጅ ነው። ያደገው ቨርጂኒያ ነው። እዚያ አፓላቺያን የሚባል፣ ከ3,500 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የእግር መንገድ በክፍለ ግዛታቸው ያልፋል። ቅዳሜና እሑድ እየጠበቀ ቆራርጦ ቆራርጦ ይሄድበታል። አንድ ቀን ስልክ ላይ «እኛ አገርስ እንዲህ ያለ መንገድ አለ?» አለኝ። «አለ እንጂ፣ ሰሜን ተራራ!» አልኩት። እኔ ራሴ ሄጄበት እንደማላውቅ አልነገርኩትም። ዋልያን እንኳ የማውቀው በብሔራዊ ቡድናችን ቅጽል ስም ነው።

ከጎንደር በሚኒባስ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን ረፋድ ላይ ደባርቅ ገባን። መንገዱ ከዚህ ይጀምራል። በሳንቃበር፣ በግጭና በጨነቅ አድርጎ፣ ቧሂትን ተሻግሮ ራስ ደጀን ይደርሳል። ከዚያ ወደ አዲ አርቃይ የሚወርዱም አሉ። ሙሉውን የሚሄድ ሰው ሳምንትና ከዚያም በላይ ይፈጅበታል። እኛ ያለን አራት ቀን ስለሆነ የመሐሉን ክፍል መረጥን።

ፓርኩ ቢሮ ተመዘገብን፣ ከፈልን፣ ስካውት (የታጠቀ የፓርኩ ጠባቂ) ተመደበልን። ያለ ስካውት መግባት አይቻልም። በሃምሳዎቹ ውስጥ ያሉ፣ ቀጠን ያሉ ሰው ናቸው። ትከሻቸው ላይ ክላሽ፣ አንገታቸው ላይ ፎጣ፣ እግራቸው ላይ ኮንጎ ጫማ። የአክስቴ ልጅ ኮንጎውን ትኩር ብሎ አየና በጆሮዬ «በዚህ ነው የሚወጡት?» አለኝ። አዎ፣ በዚያው ነው።

አንድ በቅሎ ከነባለቤቷ ተከራየን። ስንቃችን በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሽሮና ደረቅ እንጀራ ነው። ሳንቃበር ድረስ በመኪና ሄድን። ከባሕር ጠለል በላይ 3,250 ሜትር ነው። ማታ ብርዱ ድንኳኑን አልፎ አጥንት ውስጥ ይገባል። ለብሼ የመጣሁትን ልብስ ሁሉ ደራርቤ ተኛሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሚካኤል ነው። አዲስ አበባ ዛሬ በጭስ ታፍናለች። በ1911 ዓ.ም ያን ሁሉ ሰው ከጨረሰው የኅዳር በሽታ ወዲህ ቆሻሻ ማቃጠሉ ልማድ ሆኖ ቀርቷል፤ «ኅዳር ሲታጠን» እንላለን። እዚህ ግን አየሩ እንደ ምንጭ ውኃ ነው፤ ሲተነፍሱት ጉሮሮ ላይ ይቀዘቅዛል። ሣሩ ላይ አመዳይ አለ።

ስካውታችን ሻይ ይዘን ሲያዩን «እንኳን አደረሳችሁ» አሉን። እሳቸው ሙስሊም ናቸው። ኋላ እንደነገሩን የግጭ ተወላጅ ናቸው፤ የግጭ ሰው ደግሞ አብዛኛው ሙስሊም ነው። ነው ልበል ነበር፣ እንጃ። እሱም ይመጣል።

ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣን። መንገዱ የገደሉን አፍ ይዞ ይሄዳል። በግራ ባዶ ነው። በቀኝ የአስታ ዛፍ፣ ቅርንጫፉ ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም የተንጠለጠለ ሽበት። ግማሽ ሰዓት ሳንሄድ ጭላዳዎቹ ላይ ደረስን።

መንጋው መቶ ምናምን ይሆናል። እንደ ሌላ ዝንጀሮ ይሸሻሉ ወይም ዳቦ ይነጥቃሉ ብዬ ነበር። ዞር ብለውም አላዩን። ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ። ጭላዳ በዓለም ላይ ካሉት የዝንጀሮና የጦጣ ዘሮች ሁሉ ኑሮውን ሣር ላይ የመሠረተ ብቸኛው ነው፤ ከኢትዮጵያ ውጭም አይገኝም። ቁጭ አልን። ያኔ ነው ድምፁ የተሰማኝ። ጭርር፣ ጭርር፣ ጭርር። መቶ ጥንድ እጅ ሣር ሲነጭ። በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት አንድ አንድ ዘለላ ይነቅላሉ፤ መዳፋቸው ሲሞላ ወደ አፍ። ሲጨርሱ አይነሡም፣ በቂጣቸው ሸርተት ብለው ቀጣዩ ሣር ላይ ይደርሳሉ። አጠገቤ የነበረችው እናት ጡት የሚጠባ ልጇን አንጠልጥላ ትሠራለች። ሥራ ነው በእውነት፤ ሽንብራ ለቀማ የወጣች ሴት ነው የምትመስለው።

አውራው ለምድ እንደለበሰ ጀግና ጎፈሩን ነስንሶ ተጎማለለ። ደረቱ ላይ ያለችው ቀይ ገላ ፀሐይ ሲያርፍባት ታበራለች። ሌላ ወንድ ጠጋ ሲልበት የላይኛውን ከንፈሩን ወደ ላይ ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን አሳየው። ያኛው ነገሩ ገባውና ሄደ። ማታ ማታ ሁሉም ገደሉ ላይ ወርደው ጠርዝ ጠርዙን ይዘው ያድራሉ። ነብርም ጅብም አይደርስባቸውም።

የአክስቴ ልጅ መቶ ፎቶ ካነሳ በኋላ ተንቀሳቀስን።

ጅንባር ፏፏቴ ላይ ስንደርስ አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ከጠባብ ምላስ መሰል ድንጋይ ላይ ቆመው ነው የሚያዩት። ጅንባር ወንዝ ከማዶ ካለው ጠርዝ ላይ ይዘልና ወደ ግጭ ገደል ይወርዳል፤ 500 ሜትር ገደማ። ታች ሳይደርስ ግማሹ ጉም ይሆናል። እኔ በደረቴ ተኝቼ ነው ያየሁት፣ አላፍርም።

ከዚያ ወደ ወንዙ ቁልቁል ስንወርድ ቀኝ እግሬ ሥር «ጧ» አለ። የጫማዬ ሶል ከፊት ተገንጥሎ እንደ አዞ አፍ ተከፈተ። ኦርጅናሉ! ጣቶቼ ብቅ ብለው ያዩኛል። የአክስቴ ልጅ በሳቅ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ዙሪያዬን ሳይ ጓሳ ሞልቷል። ጓሳ ረጅምና ጠንካራ ሣር ነው፤ ገመድ ይገመድበታል፣ ቤት ይከደንበታል ሲባል ሰምቻለሁ። እውቀቴን ላሳይ ብዬ «ጋሼ፣ ትንሽ ጓሳ ነቅለን ብናስረውስ?» አልኳቸው።

ስካውታችን እንደ ሕፃን አዩኝ። «ይሄ እኮ ፓርክ ነው፣ እቴ። ሣር መንቀል ክልክል ነው። የምጠብቀው ማን ሆኜ ነው?»

ወደ በቅሎዋ ሄዱና ከጭነቱ ላይ ቀጭን ገመድ ፈቱ። ጉልበታቸውን መሬት ላይ አድርገው ጫማዬን ከሶሉ ጋር አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ጠመጠሙት። ቋጠሮውን በጥርሳቸው ጠበቅ አደረጉት። «ይሄ ጨነቅ ያደርስሻል» አሉ። እግዜር ይስጥልኝ ስል ኮንጎአቸውን አየሁት። የተጣበቀ ነገር የለው፣ የሚገነጠል ነገር የለው።

ወንዙ ዳር ምሳ በላን። ዓርብ ስለሆነ እኛ በሶ በውኃ በጥብጠን፣ በስኳር። ስካውታችን ውዱእ አድርገው፣ ክላሻቸውን ጎናቸው አስቀምጠው፣ ፎጣቸውን አንጥፈው ሰገዱ። በቅሎዋ ጅንባርን ትጠጣለች። ማንም ለጥቂት ጊዜ አልተናገረም።

ከወንዙ ወደ ግጭ ያለው ዳገት ሰው ያስለቅሳል። አየሩ ስለሳሳ አሥር እርምጃ ሄዶ አንድ ማረፍ ነው። ዳገቱ ሲያልቅ ሜዳው ተዘረጋ። እዚህም እዚያም ጅባራ ቆሟል፤ ከሰው ቁመት እጥፍ የሚረዝም ግንድ፣ አናቱ ላይ የቅጠል ጉንጉን። ከሩቅ ሲያዩት ነጠላ ያጣፋ ሰው ይመስላል።

እዚያ ላይ ነው ስካውታችን ቆም ያሉት። ፊታችን ያለው ሣር ነው። ሣር ብቻ። ቀረብ ብለን ስናይ ግን ክብ ክብ የድንጋይ መሠረት አለበት።

«ግጭ ይሄ ነው» አሉ።

ታሪኩን በወረቀት አውቀዋለሁ። ሰሜን ተራራ ፓርክ የሆነው በ1962 ዓ.ም ነው፤ ዋናው ምክንያት ዋልያ እንዳይጠፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ የመጀመሪያዎቹን 12 ቦታዎች ሲመዘግብ ሁለቱ የእኛ ናቸው፤ ላሊበላና ሰሜን ተራራ። ሰሜን ግን እ.ኤ.አ. በ1996 «አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች» መዝገብ ውስጥ ገባ። ዋልያና ቀይ ቀበሮ እያነሱ፣ እርሻና ግጦሽ እየሰፋ መጣ። በ2008 ዓ.ም ከ400 በላይ የግጭ አባወራዎች ካሳና ቦታ ተሰጥቷቸው ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። በዓመቱ ፓርኩ ከአደጋ መዝገቡ ወጣ። በወረቀት ላይ በጣም ጥሩ ታሪክ ነው።

ስካውታችን ወረቀት አልያዙም። በዱላቸው እያሳዩ «ይሄ መስጊዱ። ያ አውድማ። ገብስ ነበር እዚህ ሁሉ» አሉ። ከዚያ አንዱ ክብ ድንጋይ ጋ ሄዱና በነበረው በር በኩል ገቡ። ማለቴ፣ ግድግዳ የለም፣ በየትም በኩል መግባት ይቻላል። እሳቸው ግን ዞረው በበሩ ገቡ።

«ቤቱ በምን ነበር የሚከደን?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«በጓሳ ነዋ። ገመዱም ጓሳ፣ ክዳኑም ጓሳ።»

ጭላዳዎች አውድማው ላይ ሣር ይነጫሉ። ቀይ ቀበሮም አልፎ አልፎ እንደሚታይ ነገሩን፤ በዓለም ላይ የቀረው ከ500 አይበልጥም የሚባለው የእኛው ቀይ ቀበሮ። አይጥ ሲበዛ ይመጣል አሉ። አይጡ ደግሞ የበዛው ሣሩ ስለተመለሰ ነው። «ሣሩስ አማረ» አሉ። ትንሽ ዝም ብለው ጨመሩ፦ «ደባርቅ ግን ውኃም በብር ነው።»

ከአንዱ ወገን ቆሜ ለመከራከር ሞክሬ ነበር፣ በልቤ። አልሆነልኝም። ያን ሣር ባላየው ይቀለኝ ነበር፤ ያን በር ባላየውም እንዲሁ።

ሰፈር ስንደርስ፣ 3,600 ሜትር ላይ፣ የአክስቴ ልጅን ራሱን ፈለጠው። ያ ሁሉ የቨርጂኒያ ልምድ እዚህ ጋ አልሠራም። ባለበቅሎው ነጭ ሽንኩርት ላጠለት። በላው። ሌሊቱን ድንኳኑ ውስጥ ከነጭ ሽንኩርቱ ጋር ያደርኩት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ራሱ ለቀቀው። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ጨለማ ውስጥ ተነሥተን ወደ እመት ጎጎ ሄድን።

መንገዱ ላይ የተቃጠለ አስታ አለ። ጥቁር ጉቶ በጥቁር ጉቶ ላይ፣ ከሥሩ ደግሞ አዲስ አረንጓዴ ቀንበጥ። ያለፈው መጋቢትና ሚያዝያ እሳት ነው። ዜናውን ታስታውሱታላችሁ። ሕዝቡ ቅጠል ይዞ ገደል ለገደል ሲሮጥ ከረመ፤ ኋላ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። ስካውታችንም እዚያው ነበሩ። «ጭሱ ገደሉን ሞልቶት፣ የት እንደምትረግጪ አታይም» አሉኝ።

እመት ጎጎ 3,926 ሜትር ነው። ተራራ አይደለም፣ ወደ ባዶ የገባ አፍንጫ ነው። በሦስት ወገን ገደል፤ የሰሜን ጠርዝ በቦታ በቦታው እስከ 1,500 ሜትር ይወርዳል። ታች የቆላው አምባዎች ተደርድረዋል፣ አንዳንዱ እንደ ግንብ፣ አንዳንዱ እንደ ጣት። ፀሐይ ስትወጣ መጀመሪያ ጣቶቹ ቀሉ።

እነዚህ አምባዎች ምሽግ ነበሩ። ቤተ እስራኤላውያን ሰሜን ላይ በራሳቸው መሪዎች ሲኖሩ ለነገሥታቱ አልገዛም ብለው ለዘመናት ተዋግተዋል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመተባቸው። በዜና መዋዕሉ ውስጥ አንድ ነገር አለ፣ ካነበብኩት ጀምሮ አልረሳሁትም። አንዲት ሴት ተማርካ እጇ ከማራኪዋ እጅ ጋር ታስሮ በገደል ጠርዝ ስትነዳ፣ የአምላኳን ስም ጠርታ ራሷን ወረወረች። ማራኪዋንም ይዛው ሄደች። ጸሐፊው የጠላት ወገን ነው፤ እሱ እንኳ መደነቁን አልደበቀም።

የትኛው ገደል እንደሆነ ማወቅ አያስፈልግም። ያለፈው እሳት ይበላው የነበረው ከእነዚሁ አምባዎች በላይ ያለውን ተራራ ነው፤ ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ሊያጠፉት ከእስራኤል ሰዎች መጡ።

እዚያ ተቀምጠን ሳለ አንድ ትልቅ አሞራ ከበታችን አለፈ። ከበታችን! ጀርባውን ነው ያየነው። አገጩ ላይ ጢም አለው። አጥንት ይዞ ወደ ላይ ይወጣና ድንጋይ ላይ ይለቀዋል፤ ሲሰበር ወርዶ ይበላል። የዛሬው አጥንት አልያዘም፣ ሲዞር ብቻ ነው የነበረው።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀኑን ሙሉ መውጣትና መውረድ ነው። እናትዬ ላይ 4,070 ሜትር ደረስን። ነፋሱ ባርኔጣዬን ወሰደው፤ አሁን አዲ አርቃይ ሳይደርስ አይቀርም። ጫማዬ ከነገመዱ ይሄዳል። አሥር ሰዓት ላይ ጨነቅ ገባን። እንደ ስሙ ጉልበት ያስጨንቃል።

ማታ እሳት ዳር ተቀመጥን። ጨነቅ ላይ አንድ የመኪና መንገድ ያልፋል። ወደ ጃናሞራ፣ ወደ መካነ ብርሃን ይወስዳል። ደረስጌ ማርያም በዚያ በኩል ናት። የአክስቴ ልጅ ስለ ቴዎድሮስ ያውቃል፣ ስለ ደረስጌ ግን ሰምቶ አያውቅም። ታሪኩ እንዲህ ነው። የሰሜንና የትግሬ ገዥ የነበረው ደጃዝማች ውቤ መንገሥ ፈለገ። ጳጳስ ያስፈልግ ነበርና በራሱ ወጪ አቡነ ሰላማን ከግብፅ አስመጣ። ቤተ ክርስቲያን ያስፈልግ ነበርና ደረስጌ ማርያምን አሠራ። ሁሉም ሲዘጋጅ ካሳ ኃይሉ መጣ። በየካቲት 1847 ዓ.ም ደረስጌ ላይ ተዋጉ፣ ውቤ ተማረከ። በሁለት ቀን ውስጥ ውቤ ባሠራው ቤተ ክርስቲያን፣ ውቤ ባስመጣው ጳጳስ እጅ፣ ካሳ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ኋላ ደግሞ የውቤን ልጅ ጥሩወርቅን አገባ። እንግሊዝ አገር ተወስዶ የሞተው ዓለማየሁ ከእሷ ነው የተወለደው።

«ድግሱን እኔ ደገስኩ፣ ሙሽራው ሌላ» አለ ባለበቅሎው እሳቱን እየቆሰቆሰ። ስካውታችን ሳቁ። በጉዟችን ሁሉ ጮክ ብለው ሲስቁ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ዋልያ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ከሰፈሩ ብዙም ሳንርቅ።

አምስት ወንዶች ናቸው። ከበታቻችን ያለው ቋጥኝ ላይ ሰው ሊቆምበት ቀርቶ ጫማ የማያስቀምጥ ቦታ ላይ ቆመው ያመሰኩሉ። ቀንዱ! ከግንባሩ ተነሥቶ ወደ ኋላ እንደ ጎራዴ ይታጠፋል፤ በትልልቆቹ ላይ ከአንድ ሜትር ይበልጣል። ላዩ ላይ ጉብ ጉብ ያለ ቋጠሮ አለው። ጢማቸው ጥቁር። እግራቸው ጥቁርና ነጭ፣ ካልሲ ያደረጉ ነው የሚመስለው። ከዚህ ተራራ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም።

አንደኛው አስታው ውስጥ ገባና ቀንበጥ በላ። ቅርንጫፉ ሲሰበር ሰማሁት። ስካውታችን ከጎኔ ቆመው በሹክሹክታ «ያኛው አውራ ነው። ወርጄ ጎኑ ብቆም ያውቀኛል» አሉ። ማጋነናቸው እንደሆነ እንጃ፣ አመንኳቸው።

የአክስቴ ልጅ ካሜራውን አላወጣም። እኔም ስልኬን ረሳሁት። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆመን ቆየን። ከዚያ ያለ ምንም ምክንያት አምስቱም ቁልቁል ሄዱ፤ እኛ ገደል በምንለው ላይ፣ እነሱ ደረጃ በሚሉት።

መኪናው አራት ሰዓት ላይ መጣ። ቧሂት ከፊታችን ቆሟል፣ ከኋላው ራስ ደጀን። ለሌላ ጊዜ።

ሒሳብ ዘጋን፣ ጉርሻ ሰጠን። ስካውታችንን ተሰናብቼ ልሳፈር ስል «ቆይ እቴ» አሉኝ። ጎንበስ ብለው ቋጠሮውን በጥርሳቸው ፈቱት። ገመዱን ከጫማዬ ላይ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ አዞሩና ጠቀለሉት። «ይሄ የበቅሎዋ ነው» ብለው ለባለበቅሎው ሰጡት።

እኔ በሸበጥ መኪና ውስጥ ገባሁ።